የኢንዱስትሪያል ሃይጂን ድህረ ምረቃ «ትርፍ ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በሙያው ሰዎች ዘንድ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ ደርሶኝ አነበብኩት። ሐሳቡ ባጭሩ ይኸው ነው። በኢንዱስትሪያል ሃይጂን፣ ማለትም ሠራተኛውን በሥራ ቦታ ካሉ ጤና ጎጂ ነገሮች በሚጠብቀው ሙያ፣ ሁለት ዓመት ተምሮ ማስተርስ መያዝ ጊዜና ገንዘብ ማባከን ነው። የሥራ ቦታን ብናኝ፣ ጋዝ፣ ጫጫታና ሙቀት የሚለኩ መሣሪያዎች ዛሬ ሁሉን ነገር በራሳቸው ይሠራሉ፤ ስለዚህ የአምስት ቀን ሥልጠናና ሰርተፍኬት ይበቃል። ሥራው ቁጥሩን ከሕጉ ገደብ ጋር ማስተያየት ብቻ ነው፤ የቀረውን ሐኪሙና ሴፍቲ ኦፊሰሩ ይሸፍኑታል። ዲግሪ ያላቸውም ቢሆኑ ፋብሪካ ሲገቡ የአየር ናሙና የሚስበውን ፓምፕ ሠራተኛው ላይ ማንጠልጠል እንኳ አያውቁበትም። ለፕሮግራሞቹ የሚወጣው ገንዘብ ለሠራተኛው ማስክ ቢገዛበት ይሻል ነበር።

ጸሐፊው ሙያውን ከሩቅ የሚያዩ ሰው አለመሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ከነጥቦቻቸውም አንዱን ከሞላ ጎደል እቀበለዋለሁ። የድህረ ምረቃ ተማሪዎችን ሳስተምርና ወደ ሥራ ቦታ ይዣቸው ስገባ የኖርኩ በመሆኔ ግን የቀሩትን አይቼ ማለፍ አልሆነልኝም። በእሳቸው ቅደም ተከተል እሄዳለሁ፤ የመሣሪያውና የቁጥሩ ጉዳይ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ሌላው ክርክራቸው የተገነባው በእነዚህ ላይ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«መሣሪያው ይለካል፤ ሰው ማንበብ ብቻ ነው የሚጠበቅበት»

የሟሟ ኬሚካሎችን ትነት ለመለካት በብዛት ከሚያዙት መሣሪያዎች አንዱ ፎቶአዮናይዜሽን ዲቴክተር፣ በተለምዶ ፒአይዲ የሚባለው ነው። በውስጡ ያለው መብራት ጨረር ይለቃል፤ ጨረሩ ከትነቱ ሞለኪውል ኤሌክትሮን ያስወጣል፤ መሣሪያው በዚህ የሚፈጠረውን የኤሌክትሪክ ፍሰት ለክቶ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። በብዛት የሚሸጠው መብራት ጉልበቱ 10.6 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ለቀለም መላጫነት ሲያገለግል የኖረው ዳይክሎሮሜቴን ግን ኤሌክትሮኑን የሚሰጠው 11.3 ኤሌክትሮን ቮልት ሲያገኘው ነው። ስለዚህ ክፍሉ በዳይክሎሮሜቴን ትነት ታፍኖ እያለ መሣሪያው ዜሮ ሊያሳይ ይችላል። መሣሪያው አልተበላሸም። ባትሪው ሙሉ ነው፤ ጠዋት አይሶቡቲሊን በተባለው የመፈተሻ ጋዝ ንባቡ ተስተካክሏል (ካሊብሬት ተደርጓል)፤ ወረቀቱም ፋይል ውስጥ አለ። በአምስት ቀን ሥልጠና የተማረው ሰው የተማረውን በሙሉ አንድም ሳያጎድል ፈጽሟል። ሠራተኛው ግን መርዝ እየተነፈሰ ነው።

ይህ ኬሚካል እንዲያው ለምሳሌ ያህል የተጠራ አይደለም። በአሜሪካ ከ2000 እስከ 2011 ባለው ጊዜ የመታጠቢያ ገንዳ ቀለም በእሱ ሲልጡ የሞቱ 13 ሠራተኞች ተመዝግበዋል። ትነቱ ከአየር ወደ ሦስት እጥፍ ስለሚከብድ ገንዳው ውስጥ ይተኛል፤ ሠራተኛው ደግሞ ጎንበስ ብሎ ፊቱን ወደዚያው ያስጠጋል። አፍንጫ ሽታውን የሚለየው ትነቱ በአሜሪካ የሥራ ደህንነት ሕግ ከተቀመጠው ገደብ፣ ማለትም በሚሊዮን 25 እጅ ከሚሆነው፣ በብዙ ካለፈ በኋላ ነው። ሰውነት ውስጥ ከገባው ከፊሉ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሚለወጥ ሰውየው ሥራውን አቁሞ ንጹህ አየር ላይ ከወጣ በኋላም በደሙ ያለው መጠን መጨመሩን ሊቀጥል ይችላል። በየመደርደሪያው የሚገኘው የናይትራይል ጓንት ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ያሳልፈዋል። እንግዲህ የመብራቱ ጉልበት ፊዚክስ ነው፤ የትነቱ ክብደት ኬሚስትሪ ነው፤ ሰውነት ውስጥ የሚሆነው ቶክሲኮሎጂ፣ የመርዝ ጥናት ነው፤ የጓንቱም ነገር ራሱን የቻለ ጥናት አለው። አንድ ሰው የክፍሉ በር ላይ ቆሞ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማሰብ አለበት፤ ያውም ሳይገባ። የድህረ ምረቃ ትምህርቱ የሚያሠለጥነው ለዚህች ቅጽበት ነው።

ብናኝም ላይ ነገሩ ያው ነው። እስከ ሳንባ ጥልቅ ክፍል የሚዘልቀውን ደቃቅ ብናኝ ለይቶ ለመሰብሰብ ሳይክሎን የምትባል አውራ ጣት የምታህል ዕቃ ከማጣሪያው በፊት ትገጠማለች፤ ሻካራውን ታስቀርና ደቃቁን ታሳልፋለች። በትክክል የምትለየው ግን አየሩ በተወሰነላት መጠን ሲገባባት ብቻ ነው። የታወቀችው የናይለን ሳይክሎን በደቂቃ 1.7 ሊትር ትፈልጋለች፤ በብዛት የምትያዘው የአሉሚኒየም ሳይክሎን 2.5 ሊትር። ፓምፑ ከዚያ በላይ ሲስብ ማለፍ የነበረበት ደቃቅ ብናኝ ጭምር ይቀርና ላቦራቶሪው የሚያገኘው ሲሊካ፣ ማለትም በድንጋይና በአሸዋ ውስጥ ያለው ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን፣ ከእውነተኛው ያነሰ ይሆናል። በተቃራኒው ፈረቃው አልቆ ሠራተኛው ቱታውን ሲያወልቅ ሳይክሎኗ ከተዘቀዘቀች ከግርጌዋ የተጠራቀመው ሻካራ ብናኝ ማጣሪያው ላይ ይወድቅና ቁጥሩ ያለልክ ያሻቅባል። ሁለቱም የተሳሳቱ ውጤቶች ከላቦራቶሪ ሲመለሱ ከትክክለኛው አይለዩም፤ ያው ሦስት አሃዝ፣ ያው ፊርማ፣ ያው ማህተም። ልዩነቱን ሊያውቅ የሚችለው በዚያን ሰዓት እዚያ የነበረና ሳይክሎን ለምን እንደምትሠራ የገባው ሰው ነው። ተማሪዎቼ የመጀመሪያ ናሙናቸውን ይዘው ሲመጡ ስለ ቁጥሩ ሳይሆን ስለዚህ ነው የምጠይቃቸው፤ ማን አወለቀው፣ እንዴት አወለቀው፣ አንተ የት ነበርክ?

«የአምስት ቀን ሥልጠና ይበቃል»

አጫጭር ሥልጠናዎችን አላናንቅም፤ እኔም እሰጣለሁ። ኦኤችቲኤ የተባለው ዓለም አቀፍ የሙያ ሃይጂን ሥልጠና ማኅበር ያዘጋጃቸው የሳምንት ሞጁሎች ዩኒቨርሲቲው ለማይደርስላቸው ብዙዎች በር ከፍተዋል። ኬሚካል መለካት፣ ጫጫታ፣ ሙቀት፣ አስቤስቶስ፣ ኤርጎኖሚክስ፣ የመቆጣጠሪያ ዘዴዎች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን ችለው ይሰጣሉ። ነገር ግን አዘጋጆቹ ራሳቸው አንዱን ሞጁል የወሰደ ባለሙያ ሆነ አላሉም። ዓለም አቀፉን ሰርተፍኬት የሚፈልግ ሰው ሞጁሎቹን ጨርሶ፣ የመስክ ሥራውን በሰነድ አቅርቦ፣ የቃል ፈተና ማለፍ ይጠበቅበታል። በሙያው ዘንድ ትልቅ ክብር ያለው ሲአይኤች የተባለው የብቃት ማረጋገጫም ለፈተና ለመቀመጥ ዲግሪ፣ በሙያው የተወሰዱ ኮርሶችና የአራት ዓመት ልምድ ይጠይቃል፤ ካለፉ በኋላም በየአምስት ዓመቱ ይታደሳል። ጸሐፊው ዲግሪው በሰርተፍኬት ይተካ ሲሉ ሰርተፍኬቱ ራሱ የቆመው በትምህርቱ ላይ መሆኑን ዘለውታል።

አጭር ሥልጠና ጥሩ ቴክኒሻን ያወጣል። ጥሩ ቴክኒሻን ደግሞ ብርቅ ነው፤ ብዙ ያስፈልጉናል። ምን ይለካ፣ በማን ላይ፣ በየትኛው ቀን፣ ስንት ጊዜ የሚለውን የሚወስነው ግን ሌላ ሰው መሆን አለበት።

«ሥራው ቁጥሩን ከገደቡ ጋር ማስተያየት ነው»

ከሁሉም ያሳሰበኝ ይህ ነጥብ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ አሠሪዎችም የሚያምኑት ይህንኑ ነው። አንድ ቀን ተለካ፣ ቁጥሩ ከገደቡ በታች ሆነ፣ «ደህና ነው» ተባለና ፋይሉ ተዘጋ።

አንድ ሠራተኛ የሚጋለጥበት መጠን ከቀን ቀን ይለያያል። በር ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ትእዛዝ ይበዛል፣ ይቀንሳል፤ ማሽኑ ይታደሳል፣ ያረጃል። ልኬቶቹ ተደርድረው ሲታዩ ባብዛኛው ሎግኖርማል የሚባለውን ሥርጭት ይከተላሉ፤ ብዙዎቹ ቀናት ዝቅ ያሉ፣ ጥቂቶቹ ግን በጣም ከፍ ያሉ ይሆናሉ። አሁን አንድ የሥራ መደብ እንውሰድ። የመካከለኛው ቀን መጠን ከገደቡ 40 በመቶ ብቻ ነው፤ ቀናቱ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚያሳየው፣ በሙያው ቋንቋ ጂኦሜትሪክ መደበኛ ልዩነት የሚባለው ቁጥር፣ 2.5 ነው፤ ይህ በብዙ ሥራ ቦታ የሚያጋጥም ተራ ቁጥር ነው። ስሌቱን ስንሠራ ከ100 ቀናት በ16ቱ ሠራተኛው ከገደቡ በላይ ይጋለጣል። ከሁሉ የከፉት አምስት በመቶ ቀናት ደግሞ የገደቡን 1.8 እጥፍ ያልፋሉ። አንድ ቀን ብቻ ሄዶ የለካ ሰው ግን «ከገደቡ በታች ነው» ብሎ የመመለስ ዕድሉ 84 በመቶ ነው። ሦስት ቀን ቢለካ እንኳ ሦስቱም ከገደቡ በታች የመሆናቸው ዕድል 60 በመቶ ገደማ ነው። ማንም አልዋሸም፣ መሣሪያውም አልተሳሳተም፤ ግን በየስድስት ቀኑ አንድ ቀን ገደማ ከገደብ በላይ የሚተነፍስ ሰው ደህና ነህ ተብሏል።

በ2018 የወጣው የአውሮፓ መለኪያ ደረጃ፣ ኢኤን 689፣ ይህንን አስቦ ነው የተጻፈው። ሦስት ልኬት ብቻ ያለው ሰው የሥራ ቦታው ገደቡን ያከብራል ሊል የሚችለው ሦስቱም ከገደቡ አንድ አሥረኛ በታች ሲሆኑ ነው። አራት ልኬት ካለ ከ15 በመቶ በታች፣ አምስት ካለ ከ20 በመቶ በታች መሆን አለባቸው። ከዚያ ከፍ ካሉ ቢያንስ ስድስት ልኬት ተይዞ በስታቲስቲክስ ይፈተናል። ደረጃውን በቃል መያዝ ለማንም ቀላል ነው። ስድስተኛው ልኬት ከሌሎቹ ሲያፈነግጥ ስህተት ነው ብሎ ከመጣልና የበሽታው ምንጭ ያለው እዚህ ነው ብሎ ከመከታተል የቱን እንደሚመርጡ መወሰን ግን ስታቲስቲክስ የገባውና የሥራ ሂደቱን የተረዳ ሰው ይፈልጋል። ባለሙያዎች ጥቂት ልኬቶችን አይተው በግምት ሲፈርዱ አደጋውን ወደ ማሳነስ እንደሚያዘነብሉ፣ የስታቲስቲክስ ሥልጠና ሲያገኙ ደግሞ ፍርዳቸው እንደሚሻሻል ጥናቶች አሳይተዋል።

ገደቡ ራሱስ ምንድን ነው? ጸሐፊው ከሰማይ የወረደ አድርገው ያዩታል። በአሜሪካ የሥራ ደህንነት አስተዳደር፣ በኦሻ ሕግ፣ በ95 ዴሲቤል ጫጫታ ውስጥ አራት ሰዓት መሥራት ይፈቀዳል። የዚያው አገር የምርምር ተቋም ናዮሽ ለዚያው 95 ዴሲቤል የሚመክረው ግን 47 ደቂቃ ያህል ነው። አንዱ ከ90 ተነስቶ በየ5 ዴሲቤሉ ጊዜውን ያጋምሳል፣ ሌላው ከ85 ተነስቶ በየ3 ዴሲቤሉ። የሠራተኛው ጆሮ ግን አንድ ነው። ሲሊካን ብንወስድ ኦሻ በ2016 ባወጣው ደንብ ገደቡን በሜትር ኪዩብ 50 ማይክሮግራም አድርጎታል፤ ከዚያ በፊት በፋብሪካዎች 100 አካባቢ ነበር። ከደንቡ በፊት 80 ማይክሮግራም ሲተነፍስ የነበረው ድንጋይ ቆራጭ በሕግ ዓይን ምንም አልሆነም፤ በሳንባው የሚሆነው ግን ደንቡን አይጠብቅም። ከኦሻ የኬሚካል ገደቦች አብዛኞቹ የተወሰዱት ኤሲጂአይኤች የተባለው የሃይጂኒስቶች ጉባኤ በ1968 ካወጣው ዝርዝር ነው፤ ብዙዎቹ ጊዜ እንዳለፈባቸው ኦሻ ራሱ ይናገራል። በሥራ ላይ ያሉት ኬሚካሎች በአሥር ሺዎች ሲቆጠሩ ገደብ የወጣላቸው በመቶዎች ብቻ ናቸው። ማስተያየት ብቻ የተማረ ሰው ገደብ የሌለው ኬሚካል ፊት ሲቆም ምን ያደርጋል? ብዙ ጊዜ ያየሁት መልስ «ገደብ የለውም፣ ስለዚህ ችግር የለም» የሚል ነው። ይህን ስሰማ ያመኛል።

«ሐኪሙና ሴፍቲ ኦፊሰሩ ይሸፍኑታል»

ጣሊያናዊው ሐኪም ራማዚኒ በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ ሲጽፍ ሐኪሞች በሽተኛውን «ሥራህ ምንድን ነው?» ብለው እንዲጠይቁ መክሯል። ጥያቄው ዛሬም በየክሊኒኩ አይጠየቅም፤ ቢጠየቅም ሐኪሙ የሚያገኘው ሰው ታሞ የመጣ ሰው ነው። ሴፍቲ ኦፊሰሩ ደግሞ በአብዛኛው የሚጠብቀው ዛሬ የሚወድቀውን፣ ዛሬ የሚቆረጠውን ነው፤ ለዚያም ሥራው ምስጋና ይገባዋል። ከ15 ዓመት በኋላ የሚመጣው ሲሊኮሲስ፣ የሲሊካ ብናኝ የሚያመጣው የሳንባ በሽታ፣ ግን በአደጋ መዝገብ ላይ አይገባም።

በ2000 በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት የሆነውን ላንሳ። በአንድ የማይክሮዌቭ ፈንዲሻ ፋብሪካ ይሠሩ የነበሩ 8 ሰዎች ትንንሽ የሳንባ ቱቦዎችን በሚዘጋ የማይድን በሽታ መያዛቸውን ያስተዋለው ሐኪም ነበር፤ ለጤና ባለሥልጣናትም አመለከተ። ሐኪሙ የድርሻውን በሚገባ ተወጣ። ከዚያ በኋላ ግን ጥያቄው ተለወጠ፤ ከፋብሪካው ውስጥ የትኛው ነገር፣ የትኛው ሂደት፣ የትኛው ቦታ? የናዮሽ መርማሪዎች ከክፍል ክፍል እየለኩ ሄዱ። ትነቱ የበረታው የሞቀ ዘይትና የቅቤ ማጣፈጫ ከሚቀላቀሉበት ጋን አጠገብ ሆኖ ተገኘ፤ የሳንባ ጉዳቱም የተጋላጭነቱን መጠን ተከትሎ ይጨምር ነበር። ከማጣፈጫው ዋናው ተጠርጣሪ ዳይአሴቲል ነበር፤ በምግብነት ሲበላ ችግር የለበትም ተብሎ የተፈቀደ፣ ሲተነፈስ ግን ማንም ገደብ ያላወጣለት። በዚያን ጊዜ ማስጠንቀቂያ የሚያሰማ መሣሪያ የለም፣ ቁጥሩን የሚያስተያዩበት መስፈርት የለም። ምክንያቱ የተገኘው ሂደቱን ደረጃ በደረጃ ማንበብ በሚችሉ ሰዎች ነው።

ከ1977 ጀምሮ ናዮሽ በዩኒቨርሲቲዎች የሚደግፋቸው የትምህርትና የምርምር ማዕከላት ሃይጂኒስቱን፣ ሐኪሙን፣ ነርሱንና የደህንነት ባለሙያውን ጎን ለጎን ማስተማራቸው በአጋጣሚ አይደለም። አንዱ የሌላውን ሥራ እንዲሸፍን ሳይሆን አንዱ የሌላውን ቋንቋ እንዲሰማ ነው።

«ዲግሪ ያላቸው ፓምፕ ማንጠልጠል አያውቁም»

እዚህ ላይ ጸሐፊው አብዛኛው እውነት አላቸው። ሁለት ዓመት ተምረው፣ የመመረቂያ ጽሑፍ አቅርበው፣ ፓምፕ ከቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ላይ ውጪ አይተውት የማያውቁ ተመራቂዎችን አውቃለሁ። የናሙናው መሰብሰቢያ ከአፍንጫና ከአፍ በ30 ሴንቲሜትር ውስጥ መሆን እንዳለበት ለፈተና ይጽፉታል፤ ጎንበስ ብሎ የሚሠራ በያጅ ላይ ግን ወገቡ አጠገብ ያንጠለጥሉታል። ከሠራተኛው ጋር ማውራትም የሚያፍሩ አሉ። አሠሪዎች ቁጥራችን ይወጣብናል ብለው በር ይዘጋሉ፤ መምህራን የሚሾሙት በሚያሳትሙት ጽሑፍ እንጂ ተማሪ ይዘው ፋብሪካ በመግባታቸው አይደለም። ውጤቱ ጸሐፊው ያዩት ነው።

መፍትሔው ግን ትምህርቱን መዝጋት አይደለም፤ ወደ ጥንቱ መመለስ ነው። የሙያው የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በአሜሪካ ሲጀመር ከፋብሪካው ወለል የራቀ አልነበረም። ሐኪሟ አሊስ ሃሚልተን በ1919 የሃርቫርድ የመጀመሪያዋ ሴት መምህር ሆና ስትሾም ያስመረጣት በኢሊኖይ የእርሳስ መርዝን እየተከታተለች ያካበተችው ዕውቀት ነበር። ከ1910 ጀምሮ ፋብሪካ ገብታ ሂደቱን ታይ ነበር፤ የሆስፒታል መዝገብ ታገላብጥ ነበር፤ ሠራተኞቹንም ቤታቸው ድረስ ሄዳ ታነጋግር ነበር። ዕውቀቱ ከዚያ ነው ወደ ክፍል የገባው።

እኔ ሥርዓተ ትምህርቱን የማስተካከል ዕድል ቢሰጠኝ የመጀመሪያው የመስክ ቀን ያለ ምንም መሣሪያ ይሆናል። ተማሪው አንድ ሠራተኛን ሙሉ ፈረቃ ይከተላል፤ ሂደቱን በእጁ ይሥላል፤ ምን እንደሚጨመር፣ ምን እንደሚሞቅ፣ ብናኙ በየትኛው ሰዓት እንደሚነሳ፣ ማሽኑ ሲጸዳ ማን እንደሚያጸዳው ይጽፋል። ብዙ ጊዜ ከፍተኛው ተጋላጭነት የሚገኘው በማምረቱ ሰዓት ሳይሆን በጽዳትና በጥገናው ሰዓት ነው፤ ይህንን ደግሞ ምሳ ሰዓት ላይ ለክቶ የሚመለስ ሰው ፈጽሞ አያየውም። ከዚያ በኋላ ነው የት፣ መቼና ስንት ጊዜ እንደሚለካ ዕቅድ ጽፎ የሚከላከለው። ቢያንስ አንድ ሴሚስተር በሥራ ቦታ፣ ልምድ ባለው ሃይጂኒስት ሥር ያሳልፋል። የመመረቂያ ጽሑፉንም ለፈታኞቹ ብቻ ሳይሆን ለተለኩት ሠራተኞች በሚገባቸው ቋንቋ ቆሞ ያስረዳል። ለዚህ ጊዜ ከየት ይመጣል ለሚለኝ፣ የሕግ አንቀጾችን በቃል ከማስያዝ እቀንሳለሁ፤ አንቀጽ ከመጽሐፍ ይነበባል።

«ገንዘቡ ማስክ ቢገዛበት ይሻላል»

ፊትን ግማሽ የሚሸፍን በትክክል የተገጠመ ማስክ የሚተነፈሰውን ወደ አንድ አሥረኛ፣ ሙሉ ፊት የሚሸፍነው ደግሞ ወደ አንድ ሃምሳኛ ያወርዳል ተብሎ ይታሰባል። ሠራተኛው ሙሉ ፊት ሸፋኙን ለብሶ፣ ከሥራ ሰዓቱ አንድ አሥረኛውን ብቻ ሞቆት ወይም ለማውራት ብሎ ቢያወልቀው ምን ይሆናል? በለበሰበት ጊዜ የሚተነፍሰው ትንሽ ነው፤ ባወለቀበት ጊዜ ግን ሙሉውን ይተነፍሳል። ሲደመር የሃምሳ እጥፍ መከላከያው ወደ ስምንት ተኩል ገደማ ይወርዳል። ጢም ካለው ደግሞ መጀመሪያውንም አይገጥምም። ማስክ ገዝቶ ማደል ለአሠሪውም ለበጎ አድራጊውም ቀላል ነው፤ ሸክሙን ግን ስምንት ሰዓት የሚለብሰው ሰው ላይ ይጥለዋል።

መከላከያ መምረጥም ቢሆን ዕውቀት ነው። በ1996 ካረን ዌተርሃን የተባሉ በዳርትማውዝ ኮሌጅ የታወቁ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የላቴክስ ጓንት አድርገው እየሠሩ ጥቂት ጠብታ ዳይሜቲል ሜርኩሪ ጓንታቸው ላይ ወደቀ። በሰኔ 1997 በሜርኩሪ መመረዝ ሞቱ። ኬሚካሉ በዚያ ጓንት በሰከንዶች ውስጥ እንደሚያልፍ የተረጋገጠው ከዚያ በኋላ በተደረገ ሙከራ ነው። እሳቸው ጥንቃቄ የጎደላቸው ሰው አልነበሩም፤ በጊዜው ይበቃል የተባለውን አድርገዋል።

ከማስኩ በፊት የሚመጣውን ደግሞ እንይ። ብየዳ ቦታ ላይ ጭስ የሚስብ ተንቀሳቃሽ ክንድ ብዙ ጊዜ ከሥራው ርቆ፣ ከበያጁ ራስ በላይ ቆሞ ይገኛል። ሞተሩ ይጮኻል፤ ሁሉም እየሠራ ነው ብሎ ያምናል። ነገር ግን የመሳብ ኃይል ከአፉ ሲርቁ በጣም በፍጥነት ይሞታል፤ የቱቦውን አፍ ስፋት ያህል ብቻ ሲርቁ የአየሩ ፍጥነት አፉ ላይ ከነበረው ከአንድ አሥረኛ በታች ይሆናል። አፉ 0.1 ሜትር ካሬ የሆነ መሳቢያ ከ15 ሴንቲሜትር ርቀት ጭሱን በሰከንድ ግማሽ ሜትር ፍጥነት ለመሳብ በሰከንድ 0.16 ሜትር ኪዩብ አየር ይበቃዋል፤ ወደ 30 ሴንቲሜትር ሲርቅ ለዚያው ሥራ ሦስት እጥፉን፣ 0.5 ሜትር ኪዩብ ይጠይቃል። ስለዚህ ክንዱን አንድ ስንዝር ማስጠጋት ትልቅ ሞተር ከመግዛት ይበልጣል፤ ወጪውም ምንም ነው። ይህን የሚያሰላና ለበያጁ ሥራውን ሳያደናቅፍ ክንዱ የት እንደሚቆም አብሮት የሚፈልግ ሰው ለአሠሪው ከብዙ ካርቶን ማስክ የበለጠ ያተርፍለታል።

አንዳንዴ ደግሞ ትክክለኛው ውሳኔ ነገሩን ጨርሶ ማስቀረት ነው። ለወጥ ቤት ጠረጴዛ የሚሆነው ሰው ሠራሽ ድንጋይ ከ90 በመቶ በላይ ኳርትዝ፣ ማለትም የሲሊካ ዓይነት፣ ሊኖረው ይችላል፤ በእሱ ምክንያት በስፔን፣ በእስራኤልና በአውስትራሊያ ገና በወጣትነታቸው ሲሊኮሲስ የያዛቸው ቆራጮች ተገኙ። ውሃ ማርከፍከፍም ማስክም ተሞከረ። አውስትራሊያ ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ምርቱን ከለከለች። እንዲህ ያለ ውሳኔ ላይ የሚደረሰው የዓመታት ልኬትን፣ የሳንባ ምርመራ ውጤትንና የመቆጣጠሪያ ዘዴዎችን አቅም አንድ ላይ አንብበው «ይህ በማስክ አይፈታም» ብለው በማስረጃ የሚከራከሩ ሰዎች ሲኖሩ ነው።

ጸሐፊው በጽሑፋቸው መጨረሻ ፕሮግራሞቹ ታጥፈው በአምስት ቀን ሥልጠና ይተኩ ብለዋል። የሥልጠናውን ዝርዝር ቢያወጡልን ደስ ይለኛል። ዜሮ የሚያሳየውን ፒአይዲ መጠርጠር በስንተኛው ቀን ይሰጣል? ከገደቡ በታች ያሉ ሦስት ልኬቶች ምን ለማለት እንደማይበቁስ? ገደብ የሌለው ኬሚካል ፊት የቆመ ሠልጣኝ ምን ብሎ እንዲጽፍ ይመክሩታል? ለእነዚህ በአምስት ቀን ውስጥ ቦታ ካገኙላቸው መልሳቸውን ለማንበብ ዝግጁ ነኝ፤ ለራሴ ተማሪዎችም አሰጣቸዋለሁ።